የነሐሷ ጥርስ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ቢቸና

ዛሬም ቀይዋ መኪና አልተነሳችም። ከሻይ ቤቴ ደጅ ቆማ ትስላለች፣ ታስነጥሳለች፣ ከዚያ ዝም። ልጄ ይርጋ ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ አካሉ ውስጥ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር።

ታውቂያለሽ ማስታወሻዬ፣ እኔ መኪና አልወድም። ሹፌር ባሌን የበላው መኪና ነው። ይቺን ግን እፈራታለሁም፣ እጸልይላታለሁም። ልጄ ብሔራዊ ውትድርና ያልሄደው በሷ ነው። ከሱ ሌላ የሚያውቃት ስለሌለ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ ጓድ ተ. አስቀረው። እኩዮቹ ሄደዋል። የጎረቤቴ ልጅ ከሄደ ደብዳቤ እንኳ የለም።

ከሰዓት። ይርጋ ለምሳ ገባ፣ አልበላም። በሻይ ማንኪያ እያሳየ አስረዳኝ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍል ዕቃ አለ፣ ዲስትሪቢተር። ከታቹ ጥርስ የሚሏት ትንሽ ባለጥርስ ክብ ዕቃ አለችው። እሷን የሚያዞራት ካምሻፍት የሚሉት ዘንግ ነው። ጥርሷ ተበልታለች። ጓድ ተ. በክረምት ያስመጣት አዲስ የብረት ጥርስ ናት እኮ። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሳየኝ፤ ያብለጨልጫል። የብረት ዱቄት።

መኪናዋ ድሮ የእሽቅድድም ነበረች። የፊተኛው ባለቤት ሞተሯን አሠርቶታል። ካምሻፍቱ እንደ ሌላው መኪና አይደለም፣ በጣም ጠንካራ ነው፤ ሞረድ ሲያስነኩት ያንሸራትታል። ከብረት ጥርስ ጋር ይበላላሉ። የሚስማማው ነሐስ ነው። ነሐሱ ቀስ እያለ ያልቃል፣ ዘንጉ ይተርፋል። ሌላ ብረት ከገባ ዘንጉም አብሮ ያልቃል። ያኔ ሞተሩ አበቃለት። እኔ ግን ብረት አይሻልም ወይ አልኩት። አንቺም እንደ ጓድ ተ. ሆንሽ አለኝ።

ሞተሩ ካበቃለት የልጄም ነገር አበቃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጓድ ተ. ሁለት ሰው አስከትሎ ሻይ ሊጠጣ መጣ። ይርጋ ስለ ነሐሱ ነገረው። ብረት ያልቻለውን ነሐስ ሊችለው ነው ብሎ ሳቀ። ሌላ ብረት ከደ/ማርቆስ እየመጣ ነው፤ ለሚካኤል ማግስት ጉዞ አለብኝ፤ ትገጥማታለህ አለው። አለቀ። ከዚያ ስኳሩን እያማሰለ ወደኔ ዞረ።

"እትዬ፣ ልጅሽ ይቺን መኪና ካላስነሳ እሱን በሌላ መኪና እንጭነዋለን።"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሲወጡ "አሻጥር" የምትል ቃል ሰማሁ። ስለ ልጄ ይሁን ስለ ሌላ ሰው እንጃ። ብርጭቆዎቹን ሳላጥብ በሩን ዘጋሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የመኪናዋ ባለቤት የሞጣ ሰው ነበሩ። በለውጡ ጊዜ መኪናዋ ተወረሰች፣ እሳቸውም ታስረው አልተመለሱም። ሚስታቸው እመት ጥ. እዚያው አሉ። መለዋወጫ ከሳቸው ዘንድ ሳይኖር አይቀርም ይላል ይርጋ። እሱ ቢሄድ ይታያል። ለጓድ ተ. ብንነግር ቤታቸው ይበረበራል። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ።

ይለፍ ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ሞጣ ጊዮርጊስ ስለት አለብኝ አልኩ። ጸሐፊው ምን ተስለሽ ነው አለኝ። ለልጄ ጤና አልኩት። ውሸት አይደለም። ማኅተሙን መታልኝ።

ይርጋ ጥርሷ የምትገባበትን ዘንግ ለክቶ፣ በልኩ የወይራ እንጨት ቀርጾ ሰጠኝ። የተበላችውንም በጨርቅ ጠቀለለልኝ። ቀዳዳው በዚህ ልክ፣ የጥርሱ ማዘንበል እንደዚህች። አደራ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ሞጣ

ግንደወይን ላይ ፈተሹን። ጥርሷንና እንጨቱን ከያዝኩት በርበሬ ሥር ቀብሬያቸው ነበር። ወታደሩ እጁን ሰደደ፣ አስነጠሰው፣ ሂጂ አለኝ።

እመት ጥ. ቤት በጓሮ ገባሁ። እመይቴ አልኳቸው፤ ዛሬ የተከለከለ ጥሪ አምልጦኝ ነው፣ ወዲያው በሩን ዞር ብዬ አየሁ። አይዞሽ፣ ግድግዳው ገና የኛ ነው አሉ። የማን እናት እንደሆንኩ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ልጅሽ በመኪናችን በደጄ ሲያልፍ እሰማዋለሁ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ለመቀየር ይዘገያል በይው" አሉኝ። ይኼኔ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ከአልጋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ሳቡ። በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ጥርሶች። የብረቷ ለሌላ መኪና የመጣች ናት፣ እሷን ተያት አሉ። ሁለቱ ነሐስ ናቸው። እንጨቱን አስገባሁ። አንዷ ትሰፋለች። ሌላዋ እንደ ጣት ቀለበት ልክ ሆነች። ማዘንበሏም ከተበላችው ጋር አንድ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። የወንድ ሳል።

ልጃቸው በሱዳን በኩል ወጥቷል ነው የሚባለው። የይርጋ እኩያ። እሳቸው ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ጥርሷን መዳፌ ላይ አድርገው እጄን ጨብጠው ቆዩ። ከየት አመጣሽው ቢሉሽስ አሉኝ። ከሰማይ ወረደ እላለሁ አልኳቸው።

"ሰማይ አይበቃቸውም" አሉ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 11፣ ቢቸና

ይርጋ ገጠማት። ዘይቱን ቀየረ። ቁልፉን ሲያዞር ዓይኔን ጨፈንኩ። ተነሳች፤ ያለ ሳል ያለ ማስነጠስ። ልጄ ሳቀ። ጥርሱን ካየሁ ስንት ቀኔ።

ጓድ ተ. ነድቶ ተመለሰ፣ ደስ ብሎታል። ደስታው ነው ያስፈራኝ። ብረቷ ሳትመጣ በምን ተነሳች አለ። ይርጋ የዋህ፣ እናቴ ነሐስ አገኘች አለው። ሳንመካከር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በደስታ ረሳሁት። ጓድ ተ. ፈገግ ብሎ አየኝ። ከየት ነው? ሌላም ካለ ለመጠባበቂያ እናስመጣለን፤ ነገ ሲመቸኝ ትነግሪኛለሽ አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ ጠዋት

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከገበያ ነው ብል ነጋዴውን አሳዪ ይለኛል። አላውቅም ብል ይርጋን ሌባ ያደርገዋል። እውነቱን ብናገር ደግሞ ያ ሳል። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነው የሰማሁ። የኔን ለማትረፍ የሳቸውን ልስጥ? እሳቸው የኔን ሲያተርፉልኝ?

የባሌን ቆርቆሮ ከቆጥ አወረድኩ። የዛጉ ብሎኖች፣ ሽቦ፣ ሁለት ካንዴላ። የነሐሷን መጠቅለያ ጨርቅ ውስጡ ከተትኩ። አመድ ነሰነስኩበት። የሟች ባሌ ነው እላለሁ። ሙት አይጠየቅም። አንዲት ብቻ ነበረች እላለሁ። ለይርጋም ነግሬዋለሁ፣ ቃላችን አንድ ነው። ነሐሷ እስከ ፋሲካ ብታደርሰን ነው ይላል። ያኔ ደግሞ ሌላ ስለት ይኖርብኛል።

የመኪናዋ ድምፅ መጣ። ይርጋ ነው የያዛት፤ ዳገቱ ላይ ማርሹን በጊዜው ቀየረ። ጓድ ተ. አጠገቡ ተቀምጧል።

ቆመች። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ። የባሌ ነው። አንዲት ብቻ ነበረች። የባሌ ነው። በሩን እያንኳኳ—