የሠርግሽ ቀሚስ ቁልፎችና የእኔ ቁጥሮች

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? የስፌት መኪናው ያሳመመሽ ትከሻሽስ ተሻለሽ? ክር በመርፌ ስታስገቢ ዛሬም አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ምላስሽን ትነክሻለሽ? እማዬስ ወገቧ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሕመሜ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

«አባባ በሌለበት እጄን ይዘህ የምትድረኝ አንተ ነህ፤ ሥራህን ጨርሰህ እስክትመጣ የቀሚሴን ቁልፍ አልተክልም» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። አንጀቴን በላሽው።

እማዬ «ልጄ እዚያ ምን ይሠራል?» ካለችሽ እንዲህ በያት። አንቺ ቁልፍ ስትተክይ ርቀቱን እኩል ታደርጊያለሽ፤ የእኔ ሥራ ተቃራኒው ነው። ቁጥሮችን ስመርጥ ከመካከላቸው የትኞቹም ሦስት በእኩል ርቀት እንዳይቆሙብኝ እጠነቀቃለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አምስት ደህና ናቸው፤ ሦስትን ካስገባሁ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተሰልፈው ጉድ ይሠሩኛል። ጥያቄው፣ እስከ ሚሊዮን፣ ከዚያም ወዲያ ቢኬድ፣ ስንት መምረጥ ይቻላል ነው። በቅርቡ ትልቅ እመርታ ታይቶ፣ ሊመረጡ የሚችሉት ቀድሞ ከሚታወቀው ጣሪያ በእጅጉ ያነሱ መሆናቸው ተረጋግጧል። በዚያ ላይ አንዲት ስንዝር መጨመር ነበር የእኔ ምኞት።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ያልጠፉት የመንገድ መብራቶች ሦስት ሆነው በእኩል ርቀት እንዳይገጥሙ እየፈራሁ በሕልም እንደሚሄድ ሰው እራመዳለሁ። አንዳንዴ ከጉሙ ውስጥ የስፌት መኪናሽ ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለኛል። አንድ ቀንማ የመሥሪያ ቤቴን በር አልፌ ገበያ መሃል ራሴን አገኘሁት፤ ሳቂ እንግዲህ።

ባለፈው ሳምንት «ማረጋገጫው አለቀ» ብዬ በሰው ፊት ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። መሃል ላይ ስደርስ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። በእኩል ርቀት የቆሙትን ሦስት ሦስት አድርጌ ስቆጥር፣ አንዱን ቁጥር ከራሱና ከራሱ ጋር አሰልፌ ቆጥሬያለሁ! ርቀቱ እኩልማ ነው፤ ዜሮ ነዋ። ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ «ሦስት ነን» እንደ ማለት ነው። እነሱን ሳወጣ ምንም አልቀረልኝም። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መምህሬ ግን «ይህ ያልደረሰበት የለም፤ አንድ ዓመት ጨምርና ሥራበት፤ ቦታህ አለ» አሉኝ።

ክፍሌ ገብቼ አንዷን ስኒዬን፣ አንዷን ወንበሬን ሳይ ሳቁ ጠፋ። ለካስ እኔም ብቻዬን ቁጭ ብዬ «ቤተሰብ አለኝ» ስል ነው የከረምኩት። እንደ ልጅ አለቀስኩ። በማግስቱ ለመምህሬ «ከእኅቴ ሠርግ በኋላ ይሁንልኝ» አልኳቸው። ቁጥሮቹ የትም አይሄዱም፤ አንቺ ግን አንድ ጊዜ ነው የምትዳሪው። ትኬቴን ቆርጫለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አክስቴን፣ ያ ሳቋ ከሩቅ ይሰማኛል በያት። አናጢውን ሙሽራሽን፣ እኅቴን ቢያስለቅስ በገዛ መዶሻው ነው የምንነጋገረው በይልኝ። አንቺ ደግሞ ቁልፎቹን ትከያቸው። ከኋላሽ ቆሜ አንድ በአንድ የምቆልፍልሽ እኔ ነኝ።

ወንድምሽ

ከአራተኛ ፎቅ ክፍሌ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መጋቢት 9