የቦሪት ጆሮ

ቦንጋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለሽው ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? በደንብ ትበያለሽ ወይ? እኔ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴን ከመቆርጠሙ በቀር ለክፉ አልሰጠኝም፣ እሱ ይመስገን። አክስትሽ አልጋነሽም ከጎጀብ ቆላ ሰላም ብላሻለች።

ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ። ጎረቤታችን መምህር ኢሳያስ «ጋሼ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ይህ በሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም። በስልክ እንዳልነግርሽም ስልኩ የእሱ ነው፣ ሳወራ ከአጠገቤ አይነቃነቅም።

ባለፈው «አባዬ፣ ሦስት ላሞች ጸነሱ!» ካልሽኝ ጀምሮ ይህን ደብዳቤ እጀምረዋለሁ፣ እተወዋለሁ። ክረምት መጥተሽ ከእናትሽ ላም ከቦሪት ጆሮ ጥፍር የምታህል ቆርጠሽ ስትወስጂ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አስረድተሽኛል እኮ። የሌላ ላም እንቁላል አስኳሉ ይወጣል፣ የቦሪት አስኳል ይገባበታል፣ በኤሌክትሪክ ይነካል፣ ከዚያ በባዕድ ማህፀን ቦሪት ራሷ ትወለዳለች አልሽኝ። ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አላመንኩሽም። አልጋነሽማ «ከጆሮ የተወለደች ላም ሲጠሯት ትሰማ ይሆናል፣ ወተቱን ግን ከየት ታመጣዋለች?» እያለች ስትስቅብሽ ከረመች። አሁን አትስቅም። ከብቶቿን የቆላ ዝንብ በሚያመጣው ገንዲ የጨረሰች ሴት፣ ገንዲ የማይገድላት ላም ልትመጣልኝ ነው ብላ በረት እያጠረች ነው። «መርፌም አያሻትም ብላኛለች ልጅህ» አለችኝ።

እኔ እንሰት ስለማውቅ ነው የምፈራው። ሥሩን ቆፍረን፣ ልቡን ፈልፍለን አውጥተን፣ ፍግ ሞልተን ስንቀብረው ሃምሳ ስልሳ ችግኝ ያወጣል። ሁሉም አንድ መልክ። አጠውላጊው በሽታ የገባ ዓመት ታዲያ አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ፣ በአንድ ወር ጓሮው ባዶ ቀረ።

እንግዲህ ልናገር። ጆሮዋን የቆረጥሽው ላም ቦሪት አይደለችም።

ቦሪት እናትሽ በሞተች በሦስተኛው ወር ሞተች። በገንዲ ነው የሞተችው። ሁለት ጊዜ ታማ የዳነችው እናትሽ እያለች ነበር፣ ሣር አጭዳ በረት ድረስ እያመጣችላት፣ ዝንቡን በነጠላዋ እያባረረችላት፣ መርፌ የሚወጋ ሰው በእግሯ ሄዳ እየጠራችላት። አንቺ ትምህርት ላይ ነበርሽ። እኔም ቢሆን ያን ሁሉ ልፋት ያወቅሁት እናትሽ ካለፈች ወዲያ ነው። ብቻዬን ስሆን ቆላ ለቀቅኳት፣ አለቀች።

አንቺ ደግሞ ለፋሲካ ልትመጪ ነው ተባለ። «አንዲት ላም እንኳ ማቆየት አቃተው» እንዳትዪኝ ሺሺንዳ ገበያ ወርጄ፣ ከደጋ የመጣች፣ ግንባሯ እንደ ቦሪት ነጭ የሆነ ገዛሁ። ልነግርሽ ነበር። ከመኪና ወርደሽ እኔን ሳትስሚ አንገቷን አቅፈሽ «የእናቴ፣ የእናቴ» እያልሽ አለቀስሽ። ከዚያ ወዲያ እኔም ቦሪት እያልኩ ጠራኋት።

ክረምት ደሟን መርምረሽ ንጹሕ ነው ስትዪ «አሁንም ቆላ ትወርዳለች ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «አዎ» አልኩሽ። አንድም ቀን ወርዳ አታውቅም። ከደጃፌ ፈትቻት አላውቅም፣ ደሟ ንጹሕ የሆነው ዝንቡ ስላልደረሰባት ነው።

ለአለቆችሽ ንገሪያቸው። አባቴ ዋሸኝ በያቸው፣ ስሜንም ጻፊላቸው፣ ፍርዱ በእኔ ላይ ይሁን። ብቻ እነዚያ ጥጆች ያለ መርፌ ጎጀብ እንዳይወርዱ! ለአልጋነሽ እሁድ እኔው ወርጄ እነግራታለሁ። ከእሷ ምላስ ያውጣኝ።

ከዚያ ፋሲካ ጀምሮ አንድ ዓመት ሳትቀሪ ትመጪያለሽ። ማንን ልታዪ እንደምትመጪ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁንም አልጠይቅሽም።

መልሱን በስልክ አታድርጊው። ጻፊልኝ፣ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።

የእናትሽ ጸሎት ከፊትሽ ይቅደም። በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ለማንኛውም፣ የምትተኚበትን መደብ አስለስኜዋለሁ።

አባትሽ