የእሑድ ሰላምታ

ኦሮራ፣ ነሐሴ

ለልጄ፣

የሞተ ወንድሜን ሰላምታ እሑድ እሑድ ስታመጪልኝ ከረምሽ። የበደልሽኝ በደል ይህ ነው። አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላው ወሬ እንዳይሸፍነው ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ? ልጆቹስ? እናንተ ከተማ፣ ሴንቴኒያል ውስጥ፣ ጉንፋን ቤት ለቤት ይዞራል ብለሽ ነበር፤ እናንተ ቤት ካልገባ ጌታ ይመስገን። እኔ ደህና ነኝ።

በሩን ሳልከፍትልሽ የቀረሁት እንቅልፍ ወስዶኝ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ አባዬ፣ መኪናዬን ኮልፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ ነው፣ የቅጣት ቲኬት ይጽፉብኛል፣ እባክዎ ይክፈቱልኝ ስትዪ ሰምቻለሁ። ምግቡን በር ላይ ትተሽ ሄድሽ። በላሁት። ምግቡ አልበደለኝም።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ። ጎረቤቶቼን ታውቂያቸዋለሽ፤ ፊት ለፊቴ ያለው የላኦሱ ሰው ቡንሚ፣ ከጎኔ ያለችው የአየርላንዷ ብሪጂድ። ሦስታችንም እንግሊዝኛን ተውሰን የምንኖር ነን። ልቤን በቀዶ ጥገና ከታከምኩ በኋላ ደረጃ አትውጣ፣ ዕቃ አታንሳ ስባል የሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጬ መማር ጀመርኩ። አንቺ ስቀሽ፣ አባዬ፣ እንግሊዝኛው መቼ አለቀና ነው ላኦና አይሪሽ የሚጀምሩት አልሽኝ። እንግሊዝኛንም ያስተማረኝ የለም። ዴንቨር የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆኜ ስሠራ፣ እዚያች ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩት ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም። ላኦ ቃሉን አይነካውም፤ ለትናንትም ለነገም ያው ነው፤ የሚለወጠው ዜማው ነው። ለብዙ ጊዜ ቡንሚን ና ባልኩት ቁጥር ውሻ እያልኩት ኖሯል። እሱ ታግሦ ይመጣል። ብሪጂድ ይህን ስትሰማ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። የእሷ ቋንቋ ደግሞ ቃሉን ከአናቱ ይለውጠዋል። እኛ እናት ብለን እናቴ ስንል ጭራውን እናበጃለን፤ እነሱ የመጀመሪያውን ድምፅ ያለሰልሱታል። በላኦ በዕድሜ የሚበልጥሽን ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እህት እያልሽ ነው የምታናግሪው፤ የእኛን ጋሼና እትዬ ይመስላል። በብሪጂድ መንደር ግን ለልጁም ለቄሱም አንድ አንተ ነው። ይህን አልወደድኩላቸውም፤ ነገርኳት፤ አልተቀየመችም።

ግሡን እኛ መጨረሻ እናስቀምጣለን፤ አድማጭ ይጠብቃል። ላኦ መሃል ያስገባዋል። አይሪሽ በር ላይ ያቆመዋል፤ መጀመሪያ የሆነውን ትሰሚያለሽ፣ ከዚያ በማን ላይ እንደሆነ። ሐዘንን ስጠይቃቸው ብሪጂድ በእኛ አገር ሐዘን ሰው ላይ ይሆናል፣ እንደ ሸክም፣ አለችኝ። ቡንሚ በእኛ ልብ ይጠፋል አለኝ። የትኛው ይከብዳል ብዬ ስከራከራቸው ዋልኩ። ያን ጊዜ ወንድሜ መኮንን ሞቶ ነበር። ሁለቱም ያውቁ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለእነሱ የነገርሽው አንቺ ነሽ፤ ብወድቅ እንዲደርሱልኝ፣ ለእኔ ግን ትንፍሽ እንዳይሉ። ቡንሚ አደራሽን በላ ብለሽ አትቀየሚው። አልተናገረም። በአገሩ ሐዘን የደረሰበት ሰው ነፍሱ ባዝና እንዳትቀር እየጠሩ በእጁ አንጓ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ያስሩለታል። ክር ማሰር መናገር አልመሰለውም። እኔ ጌታን ስቀበል ማተቤን በገዛ እጄ የበጠስኩ ሰው ነኝ። አባቴ ለዓመታት አላናገረኝም፤ በመካከላችን ቃል ያመላልስ የነበረው መኮንን ነው። ስለዚህ ክሩን እንቢ አልኩ። ቡንሚ እጄን አልለቅም ብሎ አሰረልኝ። ለቀዶ ጥገናዬ መስሎኝ እኮ ድኛለሁ አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለዳነ ልብ ሰው አያለቅስም። ከዘመዶቼ ድምፁን ሳልሰማ፣ ሰላምታው ብቻ በአንቺ በኩል ሲደርሰኝ የከረመው ደግሞ መኮንን ነበር።

ብሪጂድ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበረች። ሄጄ ወንድሜ ሞቷል ወይ አልኳት። የያዘችውን አንሶላ አስቀመጠችና ሞቷል፣ ከፋሲካ በፊት፣ አለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። ማሽኑ እስኪያቆም አብረን ተቀመጥን።

ከፋሲካ በፊት ከሞተ፣ ሰኔ ላይ አጎቴ አዲስ ጥርስ አስተክሎ እንደ ጎረምሳ እየሳቀ ነው ያልሽኝ ስለ ማን ነበር? እኔም ስቄ ነበር። ድሮም ጉረኛ ነው ብዬ ነበር።

ክሩ ከታሰረልኝ በኋላ አንድ እሑድ መጥተሽ አጎቴ ሰላም ብሎዎታል አልሽ። እኔም ሰላም በይልኝ አልኩሽ። ፊትሽን እያየሁ ነው ያልኩሽ። እሺ አልሽ። ከዚያ ወዲህ ነው በሩ የተዘጋው።

በቴክስት የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆነውም እንዳለ፣ ሽማግሌ ሰብስበሽ መርዶውን በወጉ ልታስነግሪኝ እንደነበር። ወጉን አውቀዋለሁ፤ ስንቱን ቤት ጎህ ሲቀድ እያንኳኳሁ መርዶ የነገርኩ ሰው ነኝ። መርዶ ቀን ይጠበቅለታል። ቀን መጠበቅ ግን ሌላ ነው፤ በሙት አፍ መናገር ሌላ ነው። ዝም ብትዪኝ ኖሮ ምንም አልልሽም ነበር።

እሑድ ነይ። መኪናሽን ከሕንጻው ጀርባ አቁሚ፣ እዚያ ማንም አይነካሽም። የማንንም ሰላምታ ይዘሽ አትምጪ።

ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፤ ቡንሚ ነው የወሰደኝ፤ ሥራሽን እንዳትተዪ ብዬ አልነገርኩሽም። ሁሉ ደህና ነው። ስንመለስ ሌላ ክር አሰረልኝ፤ ያሁኑን አልተከላከልኩም። መዝገበ ቃላቶቼን ለብሪጂድ ሰጥቻታለሁ፤ ቤቱ ስለጠበበኝ ነው። ስለ ጤናዬ መጠየቅ ከፈለግሽ እኔን ጠይቂኝ፤ እሷን አትጠይቂያት።

ጌታ ቤትሽን ይጠብቅ። ልጆችሽ ይደጉልሽ፤ እርጅናሽ ከእነሱ ጋር ይሁን።

ስለዚያ ሰላምታ ግን በዚህ ደብዳቤ ጨርሻለሁ። ብታነሺው አልመልስልሽም፤ እኔም እስክሞት አላነሳውም።

አባትሽ