ጎርፍ በየካቲት

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአንለይ፣

የሁመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ተመስገን ደህና ነን፤ ላሚቱም ሴት ጥጃ ወልዳለች።

በማናዬ ሰርግ የመጣው አዝማሪ ሰው የሚሰጠውን ግጥም ሁሉ፣ የማይሆነውን እንኳ፣ እምቢ ሳይል ተቀብሎ የራሱን ሲጨምርበት አየሁ። እኔም ይህን ዘዴውን ለቤታችን ያዝሁት። አባባ በዚህ በደረቅ የካቲት «ውሃው ሜዳውን ሞላው፤ ከብቱን አውጪ!» ሲሉኝ፣ «እሺ፤ በየት በኩል ይሻላል?» እላለሁ። አብረን ወደ ጉብታው እንነዳና አቧራውን እያየን ውሃው እስኪጎድል እንጠብቃለን። ያኔ ልባቸው ያርፋል። አታስብ፤ ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ፣ አልለቀውም።

ትናንት ደግሞ «አንለይ!» ብለው ጠሩኝ።

«አቤት አባባ» አልሁ።

«መጣህልኝ?»

«መጣሁ» ብያቸዋለሁ።

የቁሐሩ ሚካኤል መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ ሸጌ