የእማዬ አልፋ

ሐምሌ 3
ዛሬም ዝናብ። አኒሜሽኑን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ እያወጣሁ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። ሲመጣ ፋይሉ አልከፈት አለ። የሙሉ ቀን ሥራ ገደል ገባ።

ፈቀደ ጋ ደወልኩ። እኔ የሳልኩትን ከመንገዱና ከዝናቡ ጋር የሚያቀናጅልኝ እሱ ነው። በቪዲዮ ሳይሆን ምስል በምስል አውጪው አለ፤ መብራት ቢጠፋ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ስንቴ ነግሮኛል... ለምንድነው የማልሰማው?

አንድ ደቂቃ ብቻ ናት። እማዬ ጦር ኃይሎች ጥግ ይዛ ጃንጥላ ስትጠግን፣ ዝናብ የያዘውን ሰው ስትጠራ። ድምፁ የራሷ ነው፣ ሳትታመም የቀዳሁት። "ነይ ተጠለይ፣ እስኪያልፍ።" ሳታየው እንዳትቀር ነው ሩጫዬ።

ሐምሌ 6
ይቀላል ብዬ በጄፔግ አወጣሁት። ፈቀደ መንገዱ ላይ ሲያስቀምጣት ዙሪያዋ ነጭ ሆነ፣ ከወረቀት ተቆርጣ የተለጠፈች ይመስል። "ጄፔግ አልፋ የለውማ" አለኝ። እንደገና፣ አልፋ በሚይዘው በፒኤንጂ። እሱ ደግሞ ይከብዳል፣ ኮምፒውተሬ ያቃስታል።

እስከዚያ ይሄንኑ አሳዪያት አለኝ። እምቢ አልኩ። በዚያ ነጭ ጠርዝ?

ሐምሌ 7
ዘነበወርቅ፣ ሆስፒታል። ለምን እንደዘገየ ለእማዬ ነገርኳት። አልፋ የሚባል ነገር ጎድሎት ነው...

"አልፋ? ማን ናት ያለፈችው?"

ሳቀች። ሳሉ ሳቋን ቀማት። ከኋላሽ ያለው እንዲታይ የሚያደርገው ነው አልኳት።

"እንደሱ ከሆነማ ይደረግ። ማንንም መጋረድ አልፈልግም።"

መቼ ነው የማየው አለች። እሁድ አልኳት።

ሐምሌ 11
ፒኤንጂው አለቀ። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ነበር፣ ምንም አልጠፋም። ፍላሹን ለፈቀደ ላደርስ ወጥቼ ሳለሁ፣ እማዬ አጠገብ ያደረው ወንድሜ መሸሻ ደወለ። ቶሎ ነይ።

ስደርስ አልፋለች።

ሐምሌ 12
ያንን ነጭ ጠርዝ ያለውን ባሳያት ምን ነበረበት?

ነሐሴ 20
ፈቀደ ጋ ሄድኩ። ከቀብሩ በኋላ ፍላሹን ሰጥቼው ነበር፤ አቀናጅቶ ጨርሶታል። ዝናቡ ከጃንጥላዋ ጠርዝ ይንጠባጠባል፣ ነጭ የሚባል የለም። "አልፋው ንጹህ ነው" ብሎ አፉን ያዘ። ለቅሶው ላይ የእማዬን ቀልድ ነግሬው ነበር።

ዝናቡን ሊያስተካክል እሷን ከምስሉ ላይ ለጊዜው አጠፋት። መንገዱ፣ ውኃ ያቆረው ጉድጓድ፣ ባዶ በርጩማዋ። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያኔ ያልመጣልኝ ለቅሶ ዛሬ መጣ።

"ላብራት?" አለኝ ቀስ ብሎ።

አብራት አልኩት።

ጃንጥላውን ዘረጋች። "ነይ ተጠለይ፣ እስኪያልፍ።"