ስላልተገኘው አምፕሊፋየር፦ ለተከበሩ የምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ

ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ እንደሻው፣
የወጣቶች የሙዚቃ ውድድር ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
አሰላ

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በዚህ በኅዳር ብርድ ጉልበትዎን እንዳያምዎ፣ ጆሮዎችዎም ሁለቱም በየበኩላቸው እንዲሰሙ ከልብ እመኛለሁ፤ የኋለኛውን የምመኘው ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ስል ነው።

አሳምነው እባላለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ፣ ኮምፒውተርንም ማንም ሳያስተምረኝ እየነካካሁ የለመድኩ ሽማግሌ ነኝ። በቤቴ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የሄቪ ሜታል ቡድን ቀርጬ ሥራውን ለኮሚቴዎ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፦ ጊታር የምትጫወተው ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣችው ነርስ ሲስተር ናዝሬት ናት፤ ድራሙ የቢሊሱማ፣ ቤዝ ጊታሩና ጩኸቱ የመክሊት ነው። ናዝሬት ዝውውሯ ደርሶ ኅዳር 30 ከተማችንን ትለቃለች፤ የውድድሩ መድረክ ደግሞ ቅዳሜ ኅዳር 28 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ጣቷ እስኪላጥ የተለማመደችው አንድ ቀን ሰው ፊት ቆማ ለመጫወት ነበር። ስለዚህ "ተቀባይነት አላገኘም" የሚለው ደብዳቤዎ ያን ያህል ጉዳት አላደረሰም፤ የአንዲት ልጅ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የወሰደው።

ቅሬታዬን በትሕትና እንዲህ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ቡድን ቤቴ ድረስ ልከው መሣሪያዎቻችንን ስላስቆጠሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። አጣሪዎቹ አልጋ ሥር ሳይቀር ፈልገው ሲያበቁ በቃለ ጉባኤው ላይ "ጊታር አንድ፣ ቤዝ ጊታር አንድ፣ ድራም ሙሉ፣ አምፕሊፋየር አልተገኘም፤ ስለዚህ የጊታሩ ድምፅ ከየት እንደመጣ አይታወቅም" ብለው አሠፈሩ። አምፕሊፋየሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው ብዬ ስክሪኑን ባሳያቸው አንደኛው ጎንበስ ብሎ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተመለከተ። ቢሊሱማ "ጋሼ፣ ዛር ነው ይበሏቸው፤ ይጮኻል እንጂ አይታይም" ያለው ለቀልድ ነበር፤ አጣሪዎቹ ግን ጻፉት።

በእርግጥ ክቡርነትዎ በውሳኔ ደብዳቤዎ "የኮምፒውተር ጊታር ሐሰተኛ ድምፅ ነው" ማለትዎ ግማሽ እውነት አለው፤ ሰው ካልደከመበት ሐሰተኛ ነው። እኔም እንደ ጀማሪ ሁሉ ድምፁን የሚያሻክረውን የጌን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙሬ፣ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ የንብ መንጋ የሚመስል ነገር አውጥቻለሁ። ጌኑን በግማሽ ስቀንሰው ድምፁ ከበደ፤ ይህን የሚያምን ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ቀጥሎ የተረዳሁት ደግሞ ጆሮ እውነተኛ የሚለው ድምፅ ከአምፑ ይልቅ ከስፒከሩ ሣጥን እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ ሳጉሬ ያለ አናጢ የጥድ ሣጥን ሠራልኝ፤ ከፈረሰ የሠርግ ባንድ የተገኘ ስፒከር ገጠምኩበት፤ ከዚያም ማይክሮፎን ፊቱ ደቅኜ ሣጥኑ ድምፅን እንዴት እንደሚለውጥ ኮምፒውተሩ እንዲያጠና አደረግሁ። ማይኩ መሐል ሲሆን ይቧጥጣል፣ ወደ ጠርዝ ሲወጣ ይታፈናል፤ ትክክለኛዋን ቦታ ለማግኘት በጣት ስፋት እያንፏቀቅሁ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ አፀደ በዚያ ሰሞን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ "እሱ ማዕድን ፍለጋ ገብቷል" ትል ነበር።

ሁለተኛ፣ ቅጂያችንን ያዳመጡት የኮሚቴዎ የድምፅ ባለሙያ "የግራውና የቀኙ ጊታር በጥቂቱ ስለሚለያይ የጥራት ጉድለት ታይቷል" ብለዋል። ክቡር ሆይ፣ የሚለያየው ናዝሬት ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ስለተጫወተችው ነው፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ያስቀመጥኩትም ሆነ ብዬ ነው። ዲክሲስ ማሳ ላይ ጎን ለጎን የሚያጭዱ ሁለት ሰዎች ማጭዳቸው በአንድ ቅጽበት ቢነሣና በአንድ ቅጽበት ቢወርድ ክቡርነትዎ አማትበው የሚሸሹ ይመስለኛል። ባለሙያዎ ግን ቸር ሰው ስለሆኑ የቀኙን ደምስሰው የግራውን በቦታው ገልብጠው "የተስተካከለ ቅጂ" ላኩልን። ሁለቱም ወገን አንድ ሲሆን ድምፁ ተጠቃሎ መሐል ላይ ይቆማል፤ እኛ ግድግዳ ብንልክላቸው እሳቸው ምሰሶ አድርገው መለሱልን። ለምሰሶው እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን ትቼዋለሁ። ጣት በክር ላይ ሲፋተግ የሚሰማውን ድምፅ "ቆሻሻ" ብሎ ለጻፈ ሰው የሚገባው መልስ በጨዋ ደብዳቤ ውስጥ አይጻፍም።

አራተኛውና የከበደኝ ይህ ነው። የኮሚቴዎ ጸሐፊ ለልጆቹ አዝነው፣ ከአንድ የሠርግ ባንድ አምፕሊፋየር ተውሰን፣ ከጊታሩ አጠገብ አቁመን ፎቶ ብናያይዝ ጉዳዩ እንደሚያልቅ በደግነት መክረውናል፤ ገመዱ ባይሰካም ችግር እንደሌለው ጨምረው ነግረውናል። እኔ እምቢ አልኩ። ናዝሬት "ጋሼ፣ ፎቶ ድምፅ የለውም፤ እናንሳውና መድረኩ ላይ ልጫወት" ብላ ለመነችኝ፤ አሁንም እምቢ አልኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣችም። ልክ መሆኔን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ልክ የሆንኩት በእሷ ሁለት ዓመት ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን ለእርስዎ መጻፍ ለእሷ ከመናገር ቀሎኛል። ያገሬ ኦሮሞ "እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም" ይላል፤ የቀጠነው ነገር ሰው እንደሚቆርጥ ግን እኔ ዘንድሮ ተማርኩ።

ስለዚህ ያንኑ አምፕሊፋየር ተውሻለሁ፤ ለፎቶ ግን አይደለም። ሐሙስ ኅዳር 26 ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከነሙሉ ኮሚቴዎ ቤቴ ይምጡና ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ። አንድ ጊዜ በተዋስነው አምፕ፣ አንድ ጊዜ በኮምፒውተሩ ይሰማሉ፤ ተራውን ሳንነግርዎ እያዘበራረቅን አሥር ጊዜ እናሰማዎታለን። የትኛው የቱ እንደሆነ ከአሥሩ ስምንቱን ከለዩ ማመልከቻዬን በገዛ እጄ ቀድጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልለዩ ቅዳሜ መድረኩን ይሰጡናል።

ሥራ በዝቶብዎት ባይመጡም አልቀየምም። ቅዳሜ ውድድሩ ሲከፈት ስፒከሮቻችንን አውጥተን ደጄ ላይ እንጫወታለን። አዳራሹ ከአጥሬ ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ ሄቪ ሜታል ደግሞ ሦስት መቶ እርምጃ ሄዶ የሚደክመው ሙዚቃ አይደለም።

ፈጣሪ የድካምዎን ዋጋ በልኩ እንዲከፍልዎ ዘወትር የሚለምን፣ ለወንበርዎ ተገቢውን፣ ለፍርድዎም የሚገባውን ያህል አክብሮት ያለው፣

አሳምነው፣ የሬዲዮ ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለሲስተር ናዝሬት፤ ሐሙስ ጊታርሽን ይዘሽ እንድትመጪ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ "የእውነተኛ አምፕሊፋየር ድምፅ ይህን ይመስላል፤ ተማሩበት" ብለው ከውሳኔው ጋር በፍላሽ የላኩልንን ናሙና ደጋግሜ አዳምጬ ኮርቻለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ዴራ መንገድ ዳር ላለ ጎሚስታ ማስታወቂያ በዚችው ክፍል፣ በዚሁ ኮምፒውተር የሠራሁት ነው። ባለሙያዎ ከመቁረጣቸው በፊት ሰባት ሰከንድ ቢታገሡ ኖሮ "የከባድም የቀላልም መኪና ጎማ እንለጥፋለን" የሚለውን የራሴን ድምፅ ይሰሙ ነበር።