«ቶሎ ና» ሲሉ

ገርጂ፣ ሚያዝያ 1991

ለእትዬ ታደለች፣ ዱራሜ፤

ከቤተሰቡ ጋር በጌታ ሰላም እንደምን ከርመዋል? እኛም በቸርነቱ አለን።

ልጃችን ይትባረክ ወደ ጦር ግንባር ከሄደ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶናል። ደብዳቤውን ካየን ሰንብተናል፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ኤርጫፎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ልቀበል እያለ ላምበረት ይሄዳል። ከሰሜን የሚመጡት አውቶቡሶች ሰው አራግፈው ሲጨርሱ ይመለሳል። ጎረቤታችን ፈቲያ «ዛሬስ?» ስትለው፣ «ነገም አውቶቡስ አለ» ይላታል።

ባለፈው እሑድ ሰባኪያችን ስለ ጌታ መምጣት አስተማረ። «ጦርንና የጦርን ወሬ ስትሰሙ ራሳችሁን ቀና አድርጉ፤ ቤዛችሁ ቀርቧል» ሲል ጉባኤው ተነሥቶ «ጌታ ሆይ፣ ቶሎ ና» አለ። እኔ ግን እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ቀጥሎ «በክርስቶስ የሞቱት አስቀድመው ይነሣሉ» የሚለውን ማንበብ ሲጀምር፣ ወጥ እሳት ላይ ትቼ የመጣሁ መሰለኝና ወጣሁ። ቤት ስደርስ ምድጃው ቀዝቅዟል። ከመጣሁ አይቀር ብዬ የይትባረክን ብርድ ልብስ አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁት።

ኤርጫፎ ሲገባ አየውና «ባለፈው ሳምንት አጥበሽው አልነበር?» አለኝ።

«አቧራው በዛ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ግን አብረን ስንጸልይ ድምፄ ወጣ። «ና» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ኤርጫፎ ማንን እንደሆነ አልጠየቀኝም። «አሜን» አለ።

እትዬ፣ በጸሎትዎ ያስቡን። ጌታ ሲመጣ ሁላችንንም አንድ ላይ ነቅተን ያግኘን።

እኅትዎ ዘሪቱ